«ተጠንቀቅ!» — ለማን?

ስለ ወታደር አሠልጣኝ፣ ስለ መሐላና ደጋግመን ስለበጠስነው ሰንሰለት

(ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ)



ባለፈው ዓመት ነው። እዚህ ኦሮራ በምኖርበት ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በማለዳ በሬን አንኳኩና «ጋሼ፣ ልጄ ዛሬ ዴንቨር ላይ መሐላ ይፈጽማልና አብረውኝ ይሂዱ፤ የሚሉትን ይንገሩኝ» አሉኝ። ልጁ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እናቱ ሳያውቁ ፈርሞ፣ እናቱ ሳያውቁ ተመርምሮ አልፎ፣ ለአሜሪካ ምድር ጦር ምልምል ወታደር ሆኗል። ሄድን። ከአንዲት ሰንደቅ ዓላማ ፊት ከሌሎች ወጣቶች ጋር ቆሞ ቀኝ እጁን አነሣ። መሐላው አጭር ነው። በቅድሚያ የሀገሪቱን ሕገ መንግሥት ከውጭም ሆነ ከውስጥ ጠላት ለመጠበቅ ማሉ። ከዚያ በኋላ የፕሬዚዳንቱንና የአለቆቻቸውን ትእዛዝ በሕግና በደንብ መሠረት ሊፈጽሙ ማሉ። ሕጉ ይቀድማል፤ ሰውዬው ይከተላል።

እናትየው ግን ሐሳባቸው ሌላ ነበር። ወደ መኪናው ስንመለስ እጄን ያዝ አድርገው «ጋሼ፣ አሠልጣኙ ይመታዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለምን እንደጠየቁኝ በኋላ ነገሩኝ። ታላቅ ወንድማቸው በደርግ ዘመን ከገበያ ሲመለስ በአፈሳ ተይዞ ወደ ማሠልጠኛ ተወሰደ። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም። ለእኒህ እናት «አሠልጣኝ» ማለት ወንድማቸውን በሕይወት ያየው የመጨረሻው ሰው ማለት ነው።

እኔም ጥያቄውን ይዤው ቀረሁ። በእኛ ፖለቲካ ውስጥ ስለ ጄኔራሎች ያልተጻፈ የለም። ማን ከዳ፣ ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ እያልን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጽፈናል፤ እኔም ጽፌአለሁ። ወታደሩን ወታደር ስለሚያደርገው፣ በማለዳ ተነሥቶ «ተጠንቀቅ!» ስለሚለው ሃምሳ አለቃ ግን ማን ጻፈ? ዛሬ ስለ እርሱ ልጽፍ ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፤ ሀገራችን ወታደር አጥታ አታውቅም፤ ያጣችው ከመንግሥት ወደ መንግሥት የሚሻገር አሠልጣኝና ያ አሠልጣኝ ሊያስተምረው የሚችል፣ ለሰው ሳይሆን ለሕግ የሚፈጸም መሐላ ነው።

የአሠልጣኝ ሥራ ምንድን ነው?

በቀድሞው አማርኛ «ሰልፍ» ማለት ጦርነት ራሱ ነበር። በኋላ ወታደር በመስመር ቆሞ የሚራመድበት ሥርዓት ሆነ። ዛሬ ደግሞ ለዳቦና ለነዳጅ የምንቆምበት መስመር ሆኗል። የሰልፍ ትምህርት ለተመልካች ከንቱ ድካም ይመስላል። ቀኝና ግራን ለይቶ መርገጥ ለጦር ሜዳ ምን ይጠቅማል? የሚጠቅመው እርምጃው አይደለም። እርስ በርስ የማይተዋወቁ አርባ ወጣቶች በአንድ ድምፅ መንቀሳቀስን ይለምዳሉ፤ ጫማን፣ ጠመንጃን፣ እንቅልፍንና ንዴትን መግዛት ይማራሉ፤ አጠገባቸው ያለውን ሰው ሳያዩት እንኳ መኖሩን ማወቅ ይጀምራሉ። ፍርሃት በመጣ ጊዜ ሰው የሚያስበውን ሳይሆን የለመደውን ነው የሚያደርገው። አሠልጣኙ ያንን ልማድ የሚያስይዝ ሰው ነው። ማዕረጉ ዝቅተኛ ቢሆንም ምልምሉ በሕይወቱ በቅርብ የሚያየው የመጀመሪያው የመንግሥት ፊት እርሱ ነው።

አሜሪካኖች ይህን ጥበብ ከራሳቸው አላመነጩትም፤ ከስደተኛ ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1778 የክረምት ብርድ የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር በቫሊ ፎርጅ ተራቁቶና ተርቦ ሳለ ፎን ሽቶይበን የተባለ የፕሩሲያ መኮንን መጣ። እንግሊዝኛ አያውቅም ነበርና በአስተርጓሚ እየተቆጣ መቶ ያህል ሰዎችን መርጦ ራሱ አሠለጠነ። እነዚያ ሌሎችን አሠለጠኑ፤ ሌሎቹም ሌሎችን። በዓመቱ የሥልጠና መጽሐፍ ታተመ። ይህ ሰው ያስተዋለው ነገር ነበር፤ የአውሮፓ ወታደር «አድርግ» ሲባል ያደርጋል፣ የአሜሪካው ግን ምክንያቱ ካልተነገረው አያደርግም። ስለዚህ ምክንያቱን መንገር የአሠልጣኙ ሥራ ሆነ። ሰንሰለቱ ከዚያ ጊዜ ወዲህ አልተበጠሰም። የዛሬው አሠልጣኝ ያን ሰፊ ባርኔጣ ከማድረጉ በፊት በደቡብ ካሮላይና ፎርት ጃክሰን በሚገኘው የአሠልጣኞች ትምህርት ቤት ገብቶ እንደገና እንደ ምልምል ይሰለፋል፤ የሚያዝዘውን ሁሉ መጀመሪያ ራሱ ይፈጽማል።

ይህን የምለው አሜሪካንን ለማወደስ አይደለም፤ የእነርሱም መዝገብ ነውር አለበት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1956 በፓሪስ አይላንድ የባሕር ኃይል እግረኛ ማሠልጠኛ አንድ አሠልጣኝ ምልምሎቹን ለመቅጣት በሌሊት ወደ ሪበን ክሪክ ረግረግ አስገባቸው፤ ስድስት ወጣቶች ሰጥመው ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በቴክሳስ ላክላንድ የአየር ኃይል ማሠልጠኛ ሴት ምልምሎችን የደፈሩና ያዋረዱ አሠልጣኞች ተጋለጡ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። የሪበን ክሪኩ አሠልጣኝ ጋዜጠኞች በተገኙበት ወታደራዊ ችሎት ቀርቦ ተፈረደበት፤ ማዕረጉንም ተገፈፈ። የሥልጠናው ሥርዓት ተለወጠ፤ በአሠልጣኞች ላይ ተቆጣጣሪ መኮንኖች ተጨመሩ። የላክላንዶቹም በየተራ ችሎት ፊት ቆሙ። በአሠልጣኙ ላይ ሕግ አለ። ምልምሉ የአሠልጣኙ ንብረት አይደለም።

ለእናትየውም የመለስሁላቸው ይህንኑ ነው። «ይጮኽበታል፤ ያደክመዋል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል። ቢመታው ግን የሚጠየቀው አሠልጣኙ ነው» አልኋቸው። አላመኑኝም።

ከሆለታ እስከ ጥቁር አንበሳ

አባቶቻችን ዐድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. ድል ያደረጉት በሰልፍ ትምህርት አልነበረም። በጌታና በሎሌ፣ በመንደርና በወንዝ ልጅነት፣ በነጋሪትና በክተት ዐዋጅ የሚሰበሰብ ጦር ነበር። ዘመኑ ሲለወጥ ግን ይህ ብቻውን እንደማይበቃ ያዩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1930 የቤልጂግ መኮንኖች ክብር ዘበኛን ለማሠልጠን መጡ። ቀጥሎ በጥር 1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት፣ በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርቱ በዓመታት የሚቆጠር እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ቀደመ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። ትምህርታቸውን ያልጨረሱት የሆለታ ወጣቶች ንጉሠ ነገሥቱ ሀገር ለቀው ከሄዱ በኋላ ምን አደረጉ? በ1928 ዓ.ም. ወደ ነቀምት ሄደው ከእንስሳት ሐኪሙ ከዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ጋር «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን የአርበኞች ማኅበር መሠረቱ። ለማኅበራቸውም ሕግ ጻፉ። ሕጉ የፖለቲካው አመራር ከጦሩ አመራር በላይ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ገበሬውን መበደልና ምርኮኛን ማንገላታት ይከለክላል። ስደትንም ይከለክላል። ይህን የምጽፍላችሁ ስደተኛ ይህን አንቀጽ ባስታወስሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

እነዚህ ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል የተማሩ ልጆች ነበሩ። መንግሥት በሌለበት፣ አዛዥ በጠፋበት ሰዓት መጀመሪያ ያደረጉት ለራሳቸው ሕግ መጻፍ ነው። የአሠልጣኝ ውርስ ማለት ይህ ነው።

ከነፃነት በኋላ እንግሊዞች፣ ስዊድናውያን፣ አሜሪካኖች በየተራ መጡ። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ተላከ። ከቃኘው ጦር የሞተና የቆሰለ ብዙ ነው፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። በዚህ ዘመን አካባቢ የሆነ አንድ ግጥምጥሞሽ ደግሞ እዚህ ዴንቨር እየኖርሁ ልቤን ይነካዋል። ከቤቴ ብዙም በማይርቀው በቀድሞው የሎውሪ የአየር ኃይል ሠፈር፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1955፣ የአሜሪካ የአየር ኃይል አካዳሚ 306 ዕጩ መኮንኖችን ይዞ ሥራ ጀመረ። አዲስ ትምህርት ቤት ስለነበረ ጀማሪዎቹን የሚያርም ቀዳሚ ተማሪ አልነበረውም። ስለዚህ ወጣት የመቶ አለቆችን አምጥተው እንደ ታላቅ ወንድም ሆነው ጀማሪዎቹን እንዲኮተኩቱ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1958 አካዳሚው ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ተዛወረ፤ ዛሬም እዚያው አለ። በእነዚያው ዓመታት በእኛም ሀገር በሕንድ መኮንኖች መምህርነት የሐረር ጦር አካዳሚ ተከፈተ። የሎውሪ ሠፈር እ.ኤ.አ. በ1994 ተዘግቶ ዛሬ የመኖሪያ መንደር ሆኗል፤ በዚያ የተጀመረው ትምህርት ቤት ግን ቀጥሏል። የሐረሩ በሶማሊያ ወረራ ዘመን ተቋረጠ። ሁለቱ በአንድ ዘመን ተተከሉ፤ አንዱ ብቻ ሥር ያዘ።

ነገር ግን ያንን ዘመን ያለ ነቀፋ ማለፍ አይገባም። ጦሩ በሚገባ ሠልጥኖ ነበር፤ መሐላው ግን ለአንድ ሰው ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛና ምድር ጦር አዲስ አበባ መካከል ተታኮሱ። ከክብር ዘበኛው ወታደሮች ብዙዎቹ በማን ላይ እንደተነሡ እንኳ አልተነገራቸውም ነበር። እንዴት እንደሚታዘዙ ተምረዋል፤ ለማን የሚለውን ግን አልተማሩም። በጥር 1966 ዓ.ም. ደግሞ ነገሌ ቦረና ያለው ጦር በተበላሸ ምግብና በመጥፎ ውኃ ተማርሮ መኮንኖቹን አሠረ፤ ሊያነጋግሩት የመጡትን የምድር ጦር አዛዥም ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ አደረገ። አሠልጣኝ ለምልምሉ «እኔ የምበላውን ትበላለህ» ሊለው ካልቻለ፣ አንድ ቀን ምልምሉ «እኔ የምበላውን ብላ» ይለዋል።

ታጠቅ፣ አፈሳ፣ ብላቴ

ደርግ የተወለደው ከሻለቃ እስከ ተራ ወታደር ከጦሩ ክፍሎች ከተውጣጣ ሸንጎ ነው። ሊቀ መንበሩም የሆለታ ምሩቅ ነበሩ። የዚያኑ ጦር ሥርዓት ያፈረሰው ደርግ ራሱ መሆኑ ግን የታሪካችን መራራ ቀልድ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ጄኔራሎችንና ሚኒስትሮችን ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ረሸነ። በዚያች ሌሊት እያንዳንዱ ሃምሳ አለቃ አንድ ትምህርት ተማረ፤ ከማዕረግም ከሕግም በላይ የሆነ ነገር አለ፤ እርሱም ጠመንጃ የያዘው ሰው ፈቃድ ነው።

ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የእናት ሀገር ጥሪ ታወጀ። ገበሬው ከየአውራጃው ተጠርቶ በአፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም በተሰየመው በታጠቅ ጦር ሠፈር ሠለጠነ። ወደ ሦስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሚሊሺያ ሠለጠነ ተባለ። ወራሪን ለመመለስ የወጣውን ገበሬ የሚያቃልል ካለ ኢትዮጵያዊ አይደለም። ዳሩ ግን በጥቂት ወራት ሥልጠና የሄደው ያ ሠራዊት ከካራማራ በኋላ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ወደ ኤርትራ ተላከ፤ ስንቱስ እዚያ ቀረ? በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ወጣ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆኑ ወጣቶች ስድስት ወር እንዲሠለጥኑ፣ ሁለት ዓመት እንዲያገለግሉ የሚያዝዝ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሕግ ነው። ጦርነቱ ሲበረታ ግን ሕጉ አፈሳ ሆነ፤ ሰው ከገበያ፣ ከአውቶቡስ፣ ከሠርግ ቤት ተለቀመ። አሠልጣኙም መምህርነቱ ቀርቶ የእስር ቤት ጠባቂ ሆነ። የተጠረዘ ምልምል አስተማሪ አይፈልግም፤ የሚያስፈልገው አጥር ነው።

በ1983 ዓ.ም. የመንግሥቱ ዕድሜ በወራት በሚቆጠርበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች ወደ ብላቴ ለሥልጠና ሄድን። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። የመቶአችን አሠልጣኝ በዕድሜ የገፋ ሃምሳ አለቃ ነበር። ፊቱ አይፈታም። ከእኛ በፊት ይነሣል፤ ከእኛ በኋላ ይተኛል። ምግብ የሚበላው የመጨረሻው ተማሪ ከበላ በኋላ ነው። «ጦርነቱ አለቀለት፤ ምን ያለፋናል?» ብሎ ያጉረመረመ ጓደኛችንን ጠርቶ «ያለቀው ጦርነቱ ነው እንጂ አንተ አላለቅህም፤ ጫማህን እሰር» እንዳለው አስታውሳለሁ።

ግንቦት 13 ቀን ፕሬዚዳንቱ ሀገር ለቀው ወጡ። ወሬው ብላቴ ሲደርስ ሠፈሩ ተናወጠ። ከበላይ የሚመጣ ትእዛዝ የለም፤ የሚያዝዝም የለም። ያ ሃምሳ አለቃ ግን እንደ ወትሮው በማለዳ «ተጠንቀቅ!» አለን። ቆጠረን። ከዚያም በመስመራችን መካከል እያለፈ ጫማችንን፣ ቀጥሎም የውኃ መያዣችንን ተመለከተ። ጫማው የተቀደደበትን ልጅ አስወጥቶ ከራሱ ዕቃ ጫማ ሰጠው። «መንገዱ ረጅም ነው። ወደ ሞያሌም የምትሄዱ፣ ወደ ቤታችሁም የምትመለሱ፣ በአንድነት ሂዱ። የገበሬ ማሳ እንዳትነኩ። በተን!» አለ። ብዙዎች ወደ ኬንያ ተሻገሩ፤ እኔ ወደ ሰሜን ተመለስሁ። በዚያ ማለዳ መንግሥት አልነበረም፤ ያ ሰው ግን ነበር። ጥቁር አንበሳዎች የጻፉትን ሕግ ያነበበ አይመስለኝም። ከአሠልጣኝ ወደ አሠልጣኝ ሲወርድ የደረሰው ግን ያው ሕግ ነበር።

የበተንነው ሠራዊት

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጀማሪ ጋዜጠኛ ሳለሁ፣ መርካቶ አንድ መጋዘን በር ላይ አገኘሁት። ዘበኛ ሆኗል። አወቀኝ። ሰላምታ ተሰጣጥተን ብዙም አልተነጋገርንም። ኢሕአዴግ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠረውን ሠራዊት «የደርግ ጦር» ብሎ በትኖት ነበርና የእርሱ ዕጣ የብዙዎች ዕጣ ነው። ከተበተነው መካከል በእጁ ደም ያለበት ነበር፤ ፍርድ ቤት መቅረብ ነበረበት። የቀረው ግን የሀገር ገንዘብ የወጣበት፣ ከሆለታና ከሐረር የተወረሰ ዕውቀት የተሸከመ ሕዝብ ነበር። ያ ሁሉ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሲለምን በዓይናችን አይተናል። በ1990 ዓ.ም. የባድሜ ጦርነት በፈነዳ ጊዜ ያው መንግሥት ከተበተኑት ባለሙያዎች መካከል ፈልጎ ጠራ። ጥሪውን ሰምተው ሄዱ። የተገፋ ሰው «እንቢ» ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እነርሱ ግን ሄዱ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ በማናቸውም ጊዜ ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ እንደሚሆን፣ ተግባሩንም ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንደሚያከናውን ይደነግጋል። ጥሩ ቃል ነው። ነገር ግን የአንድ ድርጅት ታጋይ ትናንት የፓርቲውን መዝሙር እየዘመረ ሠልጥኖ ዛሬ አሠልጣኝ ሲሆን፣ ምልምሉ የሚማረው አንቀጽ 87ን ነው ወይስ የፓርቲውን ታሪክ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አይሆንም? መልሱን ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት አየነው። በአንድ ሠፈር የሠለጠኑ፣ ከአንድ ድስት የበሉ የሰሜን ዕዝ ወታደሮች በአንድ ሌሊት በወገን ተከፍለው ተገዳደሉ። አንድ ዓይነት እርምጃ መራመድ ተምረዋል፤ አንድ መሐላ ግን አልነበራቸውም።

የቤተ መንግሥቱ ፑሽ አፕ

መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሁለት መቶ በላይ ወታደሮች ከነመሣሪያቸው ወደ ቤተ መንግሥት ሄዱ፤ የደመወዝ ጥያቄ ነበራቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፑሽ አፕ አሠሯቸው፤ ራሳቸውም አብረው ሠሩ፤ ሥዕሉ በቴሌቪዥን ታየ። ብዙ ሰው ሣቀ፣ አጨበጨበ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ፈገግ ብያለሁ። በኋላ ግን ጉዳዩ የለውጡን ሂደት ለማጨናገፍ የተደረገ ሙከራ ነበር ተብሎ ለፓርላማ ተነገረ፤ በወታደሮቹም ላይ በወታደራዊ ፍርድ ቤት የእስራት ፍርድ ተሰጠ።

እንግዲህ አስተውሉ። ወንጀል ከሆነ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ ፑሽ አፕ ምን አመጣው? የደመወዝ አቤቱታ ከሆነ የአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ እስራት ምን አመጣው? የሀገር መሪ የአሠልጣኝን ቅጣት ወስዶ ለካሜራ ሲጠቀምበት፣ ቅጣቱ የማስተማሪያነት ክብሩን ያጣል። ወታደሩም ጉዳዩ የሚያልቀው በደንብ ሳይሆን በአንድ ሰው ፊት መፍካትና መጥቆር መሆኑን ይማራል። ከንጉሡ ዘመን የወረስነው በሽታ ይኸው ነው፤ ልብሱን ብቻ ለውጧል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሁለት ዓመቱ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲቆም ስንት የእናት ልጅ በጥድፊያ ሠልጥኖ እንዳለቀ ቆጥሮ የነገረን የለም። ክልሎች በየፊናቸው ያሠለጠኑት ልዩ ኃይል በመጋቢት 2015 ዓ.ም. እንዲፈርስ ተወሰነ፤ በወራት ውስጥ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገባ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ፣ በኦሮሚያ ከተሞች ሰዎች ለመከላከያ ምልመላ በሚል እየተያዙ መሆኑን፣ ከመካከላቸውም ዕድሜያቸው ያልደረሱ ልጆች እንዳሉ ይፋ አደረገ። አፈሳ ተመልሷል ማለት ነው። እኒያ የኦሮራ እናት በአርባ ዓመት ውስጥ ያልተመለሰላቸውን ጥያቄ ዛሬ ሌላ እናት አዳማ ወይም ሻሸመኔ ሆና እየጠየቀች ነው።

ለእኛው ለራሳችን

ወገኖቼ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ለገዢዎቹ ሳይሆን ለእኛ ነው፤ ብዙዎቻችሁን እንደማያስደስት አውቃለሁ።

በተቃዋሚው ሠፈር «ይህ ሠራዊት የገዢው መሣሪያ ነውና ተጠራርጎ ይበተን» የሚል ድምፅ እየበረታ ነው። በየስብሰባ አዳራሻችንም ሆነ በየቡና ቤቱ እሰማዋለሁ። በ1983 ዓ.ም. ያጨበጨብነው ለዚሁ ቃል አልነበረምን? የተበተነ ሠራዊት ይዞት የሚሄደው ጠመንጃውን ብቻ አይደለም፤ «የገበሬ ማሳ እንዳትነኩ» የሚለውንም ይዞት ይሄዳል። በደለኛው በስሙ ተጠርቶ ይፈረድበት። ተቋሙ ግን ይጠበቅ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ከዜሮ የሚጀምር ጦር የሀገር ጦር መሆን አይችልም፤ የአዲሱ ገዢ ሎሌ ነው የሚሆነው።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ያማል። እዚህ ኮሎራዶ ተቀምጠን ለዚያኛውም ለዚህኛውም የታጠቀ ወገን እናዋጣለን፤ «ዝመት» እንላለን። ገንዘባችን የሚደርሰው ልጅ በማን፣ ለስንት ሳምንት፣ በምን ደንብ እንደሠለጠነ ጠይቀን እናውቃለን? ምርኮኛ ሲያገኝ ምን እንዲያደርግ ተነግሮታል? የራሳችን ልጅ ፎርት ጃክሰን ሲሄድ «አሠልጣኙ ይመታዋል?» ብለን የምንጨነቅ ሰዎች፣ የሰው ልጅ ያለ አሠልጣኝ ጠመንጃ ሲታደለው ለምን አንጨነቅም? ሥልጠናና ሕግ ያላየ ጠመንጃ ምን እንደሚሠራ ለዴንቨር ሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የቀበሌ እስር ቤት ጠባቂ ሆኖ እስረኛ ያሠቃየ ሰው በሌላ ሰው ስም እዚሁ በመካከላችን ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከቀድሞ እስረኞች አንዱ ኦሮራ ቡና ቤት ውስጥ አይቶ ለየው። እ.ኤ.አ. በ2014 የዴንቨር ፍርድ ቤት የ22 ዓመት እስራት ፈረደበት። ከዚያ ሰው ጋር ምናልባትም ሳናውቀው ቡና ጠጥተናል።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። ማንም ሰው ያለ ፈቃዱና ያለ ዕድሜው ወደ ማሠልጠኛ አይወሰድ። አሠልጣኝ የሚሆን ሰው ራሱ በአሠልጣኞች ትምህርት ቤት ይለፍ፤ ማድረግ የማይችለው በጽሑፍ ይሰጠው፤ ምልምል ቢጎዳ ወይም ቢሞት ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ይሁን። አንቀጽ 87 በማለዳ ሰልፍ ላይ ከጠመንጃ አፈታት እኩል ይጠና። ሕገ ወጥ ትእዛዝ ምን እንደሆነና ወታደር ለምን እንደማይፈጽመው አሠልጣኙ በምሳሌ ያስረዳ። ምክንያቱን የተነገረው ወታደር ከፈሪ ወታደር ይልቅ እንደሚጸና ቫሊ ፎርጅም ነቀምትም መስክረዋል።

ልጁ ከአሥር ሳምንት ሥልጠና በኋላ ለጥቂት ቀናት ወደ ኦሮራ መጥቶ ነበር። ከስቷል፤ ፀጉሩ ተላጭቷል። እናቱ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ገና ከመቀመጤ «ጠይቁልኝ» አሉኝ። ጠየቅሁት። ሣቀና «አልመታኝም ጋሼ። ግን አንድ ቀን በሕመም ወድቄ ሳለ ቦርሳዬን ራሱ ተሸክሞ ከጎኔ ሄደ፤ ያኔ ነው በጣም የፈራሁት» አለኝ። እናቱ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው ከአርባ ዓመት በፊት የመጣችውን ያቺን አንዲት ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ፤ ልጃቸውንም ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ሰጡት። የልጁ አማርኛ ይሰናከላልና ያነበብሁት እኔ ነኝ። ወንድምየው ከማሠልጠኛ የጻፈው ስለ ጤናው ነው፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ናፍቆቱ፣ ጫማ እንዲላክለትም ይለምናል።

ጫማ። ያ ሃምሳ አለቃ ትዝ አለኝ።

እግዚአብሔር ኢትዮጵያን ይባርክ፤ ልጆቿን ይጠብቅ። ቸር ይግጠመን።